ሰዓትና ደጅ የሚያውቅ አስጎብኚ
ካሜራ ይዞ በእግር፣ ከጎንደር እስከ ፎገራ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ ወዳለችው ወረታ ይገባል። ከወረታ የርብን ወንዝ አልፎ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራንዝና በማክሰኚት በኩል ጎንደር ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ካሜራ አንግቶ የሚያልፍ እንግዳ ፎገራን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል፤ ካሜራውን ከቦርሳው የሚያወጣው ጎንደር ሲደርስ ነው። እዚያ የሚቀበለው አስጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ ነጋሪ ነው። የነገሥታቱን ስም ከነዘመናቸው በተርታ ይጠራል፣ ከግንብ ወደ ግንብ ያመላልሳል፣ ለጥያቄ መልስ አያጣም። ፎቶ አንሺዎችን መምራት የለመደ አስጎብኚ ግን ሌላ ሙያ ነው ያለው። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል፤ እንግዳውን ገና ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሰዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው እሱንና ሥራውን ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

የፎቶ የእግር ጉብኝት ጥቂት ሰዎች ካሜራ ወይም ስልካቸውን ይዘው፣ አካባቢውን በሚያውቅ ሰው መሪነት፣ አንዲትን ከተማ በእግር እየዞሩ የሚያነሱበት ጉብኝት ነው። ቡድኑ ከአምስት ስድስት ሰው ባይበልጥ ይመረጣል፤ በጠባብ መንገድ ላይ አሥራ አምስት ሌንስ ሲደገን ሰው ይሸሻል ወይም ይሰበሰባል፤ ሁለቱም ፎቶውን ያበላሻሉ። እግር የተመረጠበትም ምክንያት አለው። ከመኪና የወረደ ሰው እንግዳ ነው፤ በእግሩ የመጣ ግን መንገደኛ ነው፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰላምታ ይቀበላል።

መሪው ሦስት ነገር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የትኛውን ግድግዳ እንደምትመታ፣ የትኛው በር መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ፣ ማንን በምን ዓይነት አነጋገር ማስፈቀድ እንደሚቻል። ታሪኩ አራተኛ ነው፤ አያስፈልግም ማለት ሳይሆን ብርሃን ስለማይጠብቅ ነው። ታሪክ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡም ይነገራል።

ልማዱ በዓለም ላይ ተስፋፍቷል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ስኮት ኬልቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ዓለም አቀፍ የፎቶ ጉዞ በአንድ ቀን በብዙ ከተሞች ሰውን በእግሩ ያስወጣ ነበር። ከጥንታዊ የተራራ ከተሞች ደግሞ በዚህ ዓይነት ጉብኝት ስሟ የሚነሳው በፔሩ አንዲስ ተራሮች ላይ ያለችው የኢንካዎች መዲና ኩዝኮ ናት። ኩዝኮ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ካሜራ የያዘ ሁሉ ማርቲን ቻምቢን ያውቃል። ቻምቢ ከነባሩ ሕዝብ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኩዝኮ ገብቶ ፎቶ ቤት ከፈተ። ባለጸጎችን በፎቶ ቤቱ፣ ገበሬዎችን በየቀያቸው እያነሳ ከተማዋን ከነሕዝቧ መዝግቦ አለፈ። ዛሬ ኩዝኮን የሚዞሩ ፎቶ አንሺዎች የሚፈልጉት ብርሃን እሱ የፈለገውን ነው፤ በድንጋይ ግድግዳ ላይ በአግድም የሚያርፈውን የጠዋትና የማታ ፀሐይ።

በኢትዮጵያም ካሜራ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱ ፎቶ አንሺ መሐንዲሶች ነበሩት። ከዚያ በኋላ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ስም አተረፉ። በእኛ ዘመን ደግሞ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች። ግርማ በርታ በስልኩ የአዲስ አበባን መንገደኞች እያነሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እየሩሳሌም ጅረኛ የሐረርን ጠባብ መንገዶችና ሴቶቿን በቀለም አሳይታናለች። የግርማና የእየሩሳሌም ሥራ አንድ ነገር ያስተምራል፤ የከተማ ፎቶ የሚገኘው ከመንገድ ነው።

የፀሐይ ሒሳብ

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የቀኑን ፕሮግራም ይወስናሉ። በእኛ አገር ፀሐይ እንደ አውሮፓ ከአድማሱ ጋር እየተንሸራተተች አትወጣም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ፎቶ አንሺ የሚሳሳለት ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጥላው ይጠቁራል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ፊት ሁሉ ከቅንድብ በታች ይጨልማል። በሚያዝያ አጋማሽማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለምትሆን ሰው የገዛ ጥላውን እየረገጠ ይሄዳል። የደጋው አየር ስስ መሆኑ ደግሞ ሰማዩን ያጠልቀዋል፤ በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውንም ልዩነት ያሰፋዋል።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ሒሳብ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ አቧራውን አጥቦት አየሩ ጥርት ይላል፤ ከየካቲት በኋላ ግን አቧራና ጭስ ተራራውን ይጋርደዋል። ክረምት ብዙ ሰው የሚሸሸው ጊዜ ቢሆንም፣ ደመና ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ለሰው ፊት የሚመች ነው።

በጎንደር አንድ የተለየ ችግር አለ፤ ነጭ ልብስ። ጠዋት ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ጋቢና ነጠላ የለበሰ ነው። ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠፋል። ልምድ ያለው መሪ እንግዶቹን ፀሐይ ላይ አያቆማቸውም። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ የሚያበቃበትን መስመር ያሳያቸዋል። ሰው ከጥላው ጠርዝ ሆኖ ወደ ብርሃኑ ሲዞር ፊቱም ነጠላውም አንድ ላይ ይታያሉ። ብርሃኑንም ከልብሱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ላይ ለኩ ይላቸዋል። ስልክ የያዘም ቢሆን ጣቱን ፊቱ ላይ ቢያሳርፍ ይበቃዋል።

አንድ ቀን በጎንደር

ጉብኝቱ የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት የነገሥታቱ ግንቦች ያሉበት ፋሲል ግቢ ዝግ ነው፤ መንገዱ ግን ክፍት ነው። ቡድኑ ከግቢው ውጭ፣ በጃን ተከል ዋርካ አካባቢ ይቆማል። የዋርካው ቅርንጫፍ ክፈፍ ይሆናል፤ ከኋላው 900 ሜትር የሚረዝመው የግቢው ቅጥር ይታያል፤ ከፊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ወደ ሥራ የሚጣደፉ ሰዎች ያልፋሉ። ቀጥሎ ወደ አራዳ ገበያ ይወረዳል። ገበያው ገና እየተዘረጋ ሳለ ጭስና አቧራ ብርሃኑን ጨረር ጨረር ያደርገዋል።

ግቢው ሲከፈት ቀድመው የሚገቡት እነሱ ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን ቋሚ መናገሻ ካደረጉ በኋላ እሳቸውና ተከታዮቻቸው፣ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ፣ በዚህ ቅጥር ውስጥ እየገነቡ ኖረዋል። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁሉም ሰው የሚያነሳው የፋሲልን ግንብ ከነአራቱ የማዕዘን ጉልላቶች ፊት ለፊት ቆሞ ነው። መሪው ያን ፎቶ አይከለክልም፤ ከዚያ በኋላ ግን እንግዶቹን ወደ ጎን ይወስዳቸዋል። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታ እያንዳንዱ ድንጋይ ከኖራው ወጣ ብሎ ይታያል። በመስኮቶቹ ቅስት ዙሪያ የተደረደረው ቀላ ያለ ድንጋይም ከጥቁሩ ግድግዳ ይለያል። በቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ ውስጥ ጣሪያው ስለሌለ ብርሃን ከላይ ይወርዳል፤ በሩን እንደ ክፈፍ ተጠቅሞ የፋሲልን ግንብ ማስገባት ይቻላል። በቅርቡ በስፍራው ሰፊ እድሳት ስለተደረገ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ የተነሱ ፎቶዎች ዛሬ ሰነድ ሆነዋል። አስተዋይ መሪ የቆዩ ፎቶዎችን በስልኩ ይይዛል፤ እንግዳውንም የድሮው ፎቶ አንሺ በቆመበት ያቆመዋል።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በቀዳማዊ ኢያሱ የተመሠረተ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ተርፏል፤ የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳባረራቸው በአፈ ታሪክ ይነገራል። ጫማ ይወልቃል፤ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ብልጭታው ለዘመናት የቆየውን ቀለም ይጎዳዋል ተብሎ ይታመናል። ታዲያ በዚያ ጨለማ ውስጥ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች እንዴት ማንሳት ይቻላል? ዘዴው መጠበቅ ነው። በሩ ሲከፈት ከውጭ የሚገባው ብርሃን ወለሉን መትቶ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጣሪያው ይነቃል። ካሜራውን ደረት ላይ አስደግፎ፣ የብርሃን ትብነቱን (አይኤስኦ) ወደ 3,200 ከፍ አድርጎ፣ ትንፋሽ ይዞ መጫን ነው። ትራይፖድ መዘርጋት ግን የሚጸልየውን ሰው መንገድ መዝጋት ስለሆነ ያለ ካህናቱ ፈቃድ አይሞከርም። የሚጸልዩ ሰዎች ካሉ መሪው ካሜራውን ያስወርዳል። ፊቶቹ ሁሉ ዓይናቸው ወደተለያየ አቅጣጫ ስለሚያይ፣ ጣሪያውን በሙሉ ከማንሳት ይልቅ ሁለት ሦስት መላእክትን ለይቶ መያዝ የተሻለ ፎቶ ይወጣዋል።

ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የፒያሳ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በነበሩባቸው ዓመታት የሠሯቸው ሲኒማ ቤት፣ ፖስታ ቤትና ሱቆች ክብ ማዕዘናቸውና ቀጥ ያለ መስመራቸው በጠራራ ፀሐይ ያምራል፤ ሹል ጥላ ለሰው ፊት ጠላት ቢሆንም ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ወዳጅ ነው። አሥር ሰዓት ሲል የፋሲል መዋኛ ይደረሳል። በግድግዳው ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች የማታ ብርሃን ሲያገኛቸው ከድንጋዩ ተለይተው ይወጣሉ። ገንዳው ግን ዓመቱን ሙሉ ውኃ የለውም፤ ከቀሐ ወንዝ እየተሳበ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። የግንቡን ነጸብራቅ በውኃ ላይ የፈለገ ሰው በጥር መምጣት አለበት።

ጥር 10 እና 11 ግን የተለዩ ቀናት ናቸው። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ፎቶ አንሺም ይበዛበታል። በ2012 ዓ.ም. በዚያው በዓል የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስለዚህ ጥሩ መሪ ለበዓሉ ሌሊት ሁለት ነገር ያስባል፤ እንግዳው የት ሆኖ እንደሚያነሳና ሕዝቡ ሲገፋ በየት እንደሚወጣ። ሁለተኛውን ያላሰበ አስጎብኚ ሊቀጠር አይገባም።

ማስፈቀድ

ከሁሉ የሚከብደው ሰውን ማስፈቀድ ነው። ገበያ ላይ ጌሾ ዘርግተው የተቀመጡ እናት አሉ እንበል። ልምድ የሌለው ሰው ከሩቅ ሌንስ ይስባል፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይሰበስባሉ። መሪው ካሜራውን ወደ ኋላው አድርጎ ይቀርባል።

«እንደምን አደሩ እናቴ? ገበያው እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ገና ነው ልጄ።»

«ይች እንግዳዬ ሥራዎን ወዳው ፎቶ ላንሳዎት ትላለች። ይፈቅዱላታል?»

«አንስታ ምን ልታደርገኝ?»

«አጥባ ትሰጥዎታለች፤ ቅዳሜ እኔ ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

ቁም ነገሩ ያለው ቅዳሜ ላይ ነው። እንግዳ ሁሉ «እልካለሁ» ይላል፤ የሚልክ ጥቂት ነው። ሥራውን የሚያውቅ መሪ ፎቶውን እዚያው ከእንግዳው ስልክ ተቀብሎ፣ ፎቶ ቤት አሳጥቦ፣ በተባለው ቀን ያደርሳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ጌሾ ሻጯ ራሳቸው ይጠሩታል። ለፎቶ ገንዘብ መስጠት ግን ብዙ ጊዜ የሚያበላሽ ነው፤ በተለይ ሕፃናትን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ መንገድ ላይ ያቆማል። ከሻጭ አንድ ነገር መግዛት ይሻላል።

የሕጉም በር አለ። መሪው የአስጎብኚነት ፈቃድ ይይዛል። ወታደር፣ ኬላ፣ ድልድይ ላይ ካሜራ አይነሳም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ እንግዳው ሳስቷል፤ ብዙ አስጎብኚም ሥራ ፈትቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገዱ ደኅና መሆኑን በዚያው ቀን ጠዋት ደውሎ ማረጋገጥና ካልሆነ መቅረት የመሪው ኃላፊነት ነው።

የፎገራ ግማሽ ቀን

አሁን ወደ ወረታ እንመለስ። ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ግንብ አይጠይቅም፤ ሰዓት፣ ደጅና ፈቃድ የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠይቀው። እነዚህ ካሉ ፎገራ የሚታይ ነገር አይጎድላትም።

ሜዳው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ዝርግ ነው፤ የጠዋቱ ጨረር በሰፊው መሬት ላይ ያርፋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሸሸርና ወላላ በተባሉት ረግረጎች ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ይሰበሰባሉ። ገሚሶቹ ክረምቱን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ ናቸው፤ ራሷ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት ደግሞ የአገሯ ነዋሪ ናት። ጎህ ሳይቀድ ደርሶ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ቆሞ ሲሄድ ካዩ ይነሳሉ። ወደ ናበጋ በኩል ጣና ዳር ከተወጣ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ አሉ።

ሩዙም አለ። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞክሮ የተስፋፋው ሩዝ፣ ዛሬ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ የምርምር ማዕከሉም እዚሁ ወረታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ማሳው ውኃ ያቁራል፤ አረም ለመንቀል በተርታ ያጎነበሱ ሰዎች ከነነጸብራቃቸው ይታያሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። የቀን ብርሃን ሲከፋ ደግሞ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤቶች አሉ። ከጣሪያ ቀዳዳ የሚወርደው ጨረር የሩዝ ቅርፊቱን ብናኝ ሲያገኘው ምሰሶ ሆኖ ይቆማል፤ ኩንታል የተሸከመው ሰው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ መጫን ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሌንስ መቀየር አይገባም፤ ብናኙ ካሜራው ውስጥ ይገባል። የወፍጮው ባለቤት አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ሠራተኞቹም እንዲሁ።

የፎገራ ላም ደግሞ መነሳት ያለባት በውበቷ ብቻ አይደለም። በነጭና በጥቁር ቀለሟ፣ በወተቷም የታወቀችው ይህች ዝርያ ሩዙ በተስፋፋ ቁጥር ግጦሿ እየጠበበ፣ ንጹሕ ዘሯም እየሳሳ ነው። ቻምቢ ኩዝኮን እንዳደረገው፣ ዛሬ የሚነሳው የመንጋ ፎቶ ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጎንደር የሚቀጥል እንግዳ ካለ እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ አለ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ጣናንና ሜዳውን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ያሠሩት ግንብ ነው። ከጎንደር ግንቦች ጋር በአንድ መዝገብ የዓለም ቅርስ ቢሆንም ጎብኚው ጥቂት ነው። በፎገራ የተጀመረ ጠዋት በጉዛራ ማታ ቢያበቃ፣ ሜዳውን ጠዋት ከውስጡ፣ ማታ ከላዩ ማንሳት ይቻላል።

ለዚህ ሥራ ወረታ የሚያስፈልጋት ትልቅ በጀት አይደለም። ሜዳውን የሚያውቅ፣ ገበሬው በስሙ የሚጠራው፣ የአስጎብኚነት ሥልጠናና ፈቃድ ያገኘ ወጣት ይበቃል። ደህና ስልክ ካለው ለጀማሪ ማስተማርም ይችላል። ከክፍያው ለባለ ማሳውና ለወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ድርሻ መኖሩ አስቀድሞ ቢነገር፣ ሁለተኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው ይቀልለዋል። የመጀመሪያው ደንበኛም የግድ ከውጭ አገር መምጣት የለበትም። ባሕር ዳር ፎቶ የሚማሩና በስልካቸው የሚያነሱ ወጣቶች ሞልተዋል፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ፣ ጨለማው ሳይገፈፍ ተነስተው ፎገራን በእግራቸው ዞረው፣ ለምሳ ቤታቸው ይደርሳሉ።